አሮጌ ዕቃ ሲሸጥ የዕቃውን ዋጋና የመንገዱን ወጪ ለየብቻ ማስላት ለምን ያስፈልጋል?

ቁንዝላ፦ በጣና ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በሰሜን አቸፈር ወረዳ የምትገኘው የቁንዝላ ከተማ ነዋሪ ስለ ጭነት ወጪ አስረጂ አያሻውም። ከተማዋ ከባሕር ዳር ተነስቶ ወደ ጎርጎራ ለሚዘልቀው ጀልባ ማረፊያ ወደብ ሆና ኖራለች፤ በየብስም ከዱርቤቴ የሚነሳው መንገድ ያገኛታል። እህሉን ወደ ባሕር ዳር የሚልክ አርሶ አደር አንድ ኩንታል በደጁ የሚያወጣው ዋጋና ባሕር ዳር ገበያ ላይ የሚያወጣው ዋጋ አንድ እንዳልሆነ ጠንቅቆ ያውቃል። ነጋዴ መጥቶ ዋጋ ሲጠራለት «ጭነቱስ በማን ነው?» ብሎ መጠየቁ የተለመደ ነው።

ይህ ጥያቄ ግን ከቤት ውስጥ አሮጌ ዕቃ በሚሸጥበት ጊዜ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ያገለገለ መሶብ፣ ሙዳይ፣ አገልግል፣ የቀንድ ዋንጫ፣ ከደንገል የተሠራ ትንሽ ታንኳ ወይም የሸክላ አሻንጉሊት ፈላጊ አለው። የባሕል ምግብ ቤቶችና ሆቴሎች ለጌጥ ይገዟቸዋል። በውጭ ሀገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ያደጉበትን ቤት የሚያስታውስ ዕቃ ይሻሉ። ሰብሳቢዎችም አንድን ዓይነት ሥራ እየመረጡ ያከማቻሉ። በሌላ በኩል፣ አሮጌ ዕቃን በፕላስቲክ ሳህንና በብርጭቆ እየለወጡ በየሰፈሩ የሚዞሩ ልዋጮች አሉ። ሻጩ የዕቃውን ዋጋ ካላወቀ ከልዋጩ ጋር ሲገናኝ ይጎዳል፤ የመንገዱን ወጪ ካላወቀ ደግሞ ከሩቅ ገዢ ጋር ሲዋዋል ይጎዳል። ሁለቱን ለይቶ ማስላት የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

ያገለገለ ዕቃና ተሰብሳቢ ዕቃ

ዋጋ ለመተመን የመጀመሪያው ሥራ ዕቃው ያገለገለ ብቻ ነው ወይስ ሰብሳቢ የሚፈልገው ነው የሚለውን መለየት ነው። ማንኛውም ሱቅ የሚሸጠው የፕላስቲክ አሻንጉሊት አንድ ልጅ ከተጫወተበት በኋላ ከአዲሱ ዋጋ በታች ይሸጣል፤ ምክንያቱም ገዢው በዚያው ገንዘብ አዲሱን ማግኘት ይችላል። ተሰብሳቢ ዕቃ ግን በዚያው መልኩ እንደገና የማይገኝ ነው። ሠሪው ሥራውን ትቶ ወይም ሞቶ፣ አሠራሩ ተለውጦ፣ ወይም ዕቃው በቁጥር አንሶ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ዕቃ ከአዲሱ በላይ ሊያወጣ ይችላል።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በክልሉ የሚገኘው የወለቃ የሸክላ አሻንጉሊት ነው። ወለቃ ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን በቅርብ ርቀት የምትገኝ መንደር ስትሆን፣ የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ ሴቶች በሸክላ ሥራ የታወቁባት ነበረች። ሸክላ ሠሪዎቹ ከማሰሮና ከጀበና በተጨማሪ ለጎብኚዎች የሚሸጡ ትንንሽ ምስሎችን ይሠሩ ነበር። አንበሳ፣ ልጅ የታቀፈች እናት፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ በብዛት ከተሠሩት መካከል ናቸው። በ1977 ዓ.ም «ዘመቻ ሙሴ»፣ በግንቦት ወር 1983 ዓ.ም ደግሞ «ዘመቻ ሰሎሞን» በተባሉት ጉዞዎች የማኅበረሰቡ አባላት በብዛት ወደ እስራኤል ሄዱ። በሁለተኛው ዘመቻ ብቻ በአንድ ቀን ተኩል ጊዜ ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በአውሮፕላን ተጓጉዘዋል። ከዚያ ወዲህ በመንደሯ የቀሩት ነዋሪዎች ተመሳሳይ ምስሎችን እየሠሩ መሸጥ ቀጥለዋል።

ስለዚህ በአንድ ቤት መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ የወለቃ አንበሳ ከ1983 ዓ.ም በፊት የተገዛ ከሆነና ይህም በማስረጃ ከታወቀ፣ ባለፈው ዓመት ከመንገድ ዳር ከተገዛው ጋር እኩል አይተመንም። ሁለቱ ምስሎች ለዓይን ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ልዩነቱን የሚያረጋግጠው የተገዛበት ጊዜ ደብዳቤ፣ ከዕቃው ጋር የተነሳ የቤተሰብ ፎቶግራፍ ወይም ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ የሚያስረዳ ጽሑፍ ነው። ሻጭ ከዕቃው ጋር ይህን የመሰለ ወረቀት ካለው አብሮ ያቅርበው።

ዋጋን የሚያወጡና የሚያወርዱ ነገሮች

ዋጋን የሚወስነው ሁለተኛው ነገር የዕቃው ይዞታ ነው። መሶብ ክዳኑን ካጣ፣ ብል ከበላው ወይም ስፌቱ ከላላ ዋጋው ይወርዳል። የሸክላ ምስል ጆሮው ወይም እጁ ከተሰበረ እንዲሁ ነው። በዚህ ረገድ ብዙ ሻጮች የሚሠሩት ስህተት አለ። ዕቃው አዲስ እንዲመስል ቫርኒሽ ይቀቡታል፤ በሳሙና ያጥቡታል፤ የተሰበረውን በሙጫ አጣብቀው ስብራቱን በቀለም ይሸፍኑታል። ሰብሳቢ የሚፈልገው ግን ያልተነካካውን ነው። በዝቅተኛ ሙቀት የተተኮሰ ሸክላ ውኃ ስለሚመጥ መታጠብ ያዳክመዋል። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ ይበቃል፤ ስብራት ካለም ሳይደብቁ መናገር ይገባል።

ሦስተኛው ምሉዕነት ነው። በውጭው ዓለም የአሻንጉሊት ገበያ ይህ ጎልቶ ይታያል። እ.ኤ.አ በ1959 በአሜሪካ ለገበያ የቀረበችው ባርቢ የተባለችው አሻንጉሊት የመጀመሪያ ልብሷን፣ ጫማዋንና ካርቶኗን ይዛ ስትገኝ ብቻዋን ከተገኘችው እጅግ በላቀ ዋጋ ትሸጣለች። በእኛም ዘንድ አገልግል ከቆዳ ልባሱና ከማንገቻው ጋር፣ ሙዳይ ከነክዳኑ ሲሆን ዋጋው ይጨምራል።

አራተኛው ዕድሜ ሲሆን፣ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። በዕቃው ላይ የተጻፈ ዓመተ ምሕረት ሁልጊዜ የተሠራበትን ጊዜ አይናገርም። በብዙ የባርቢ አሻንጉሊቶች ጀርባ ላይ 1966 የሚል ቁጥር ይገኛል፤ ቁጥሩ ግን የመብት ምዝገባውን ዓመት የሚያመለክት በመሆኑ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በተመረቱት ላይም ታትሟል። በሀገራችን ለዚህ አቻ የሚሆነው ጠገራ ብር ነው። በማርያ ትሬዛ ምስል የታተመው ይህ ገንዘብ ሁሉም 1780 የሚል ዓመት ይዟል፤ ሆኖም ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደንና በሌሎችም ከተሞች ሲታተም ኖሯል። ስለዚህ «ከ200 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ነው» ብሎ ዋጋ መጥራት ገዢን ያሸሻል። በአንጻሩ አንዱ ጠገራ ብር 28 ግራም ገደማ የሚመዝን ሲሆን፣ በውስጡ ከ23 ግራም በላይ ንጹሕ ብር አለው። የዚህ ማዕድን የዕለት ዋጋ የመጨረሻው ወለል ስለሆነ ከዚያ በታች መሸጥ ኪሳራ ነው።

በእጅ ለተሠራ ዕቃ ደግሞ ወለሉን ለማግኘት የሚረዳው ጥያቄ «ይህ ዛሬ እንደ አዲስ ቢሠራ ስንት ይፈጃል?» የሚለው ነው። የስንደዶና የአክርማው ግዥ፣ የማቅለሚያው ዋጋ፣ ስፌቱ የሚወስደው ቀን ተደምሮ የሚገኘው ገንዘብ በደህና ይዞታ ላለ መሶብ መነሻ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ይዞታው፣ ምሉዕነቱና ዕድሜው እየታየ ይቀነሳል ወይም ይጨመራል።

በመጨረሻም ተመሳሳይ ዕቃ ስንት እንደተሸጠ ማጣራት ይገባል። እዚህ ላይ የሚለየው የተጠየቀው ዋጋና የተሸጠበት ዋጋ ነው። በኢንተርኔት ገበያ አንድ ሰው ለሸክላ አንበሳ ብዙ ዶላር ሊጠይቅ ይችላል፤ ማንም ካልገዛው ግን ያ ቁጥር ምኞት ነው። ኢቤይን የመሳሰሉ የኢንተርኔት ገበያዎች የተሸጡ ዕቃዎችን ለይተው ያሳያሉ። ዋጋ ለማነጻጸር የሚጠቅመው ይህ ክፍል ነው።

ካርቶኑ ከዕቃው በላይ ሲመዝን

ዋጋው ከታወቀ በኋላ መንገዱ ለብቻው ይሰላል። ከቁንዝላ ወደ ውጭ ሀገር የሚላክ ዕቃ ቢያንስ ሁለት ጉዞ አለው። አንደኛው በመኪና ወይም በጀልባ እስከ ባሕር ዳር ነው። ሁለተኛው ከባሕር ዳር በፖስታ ወይም በፈጣን መልእክት አድራሽ ድርጅት እስከ ገዢው ሀገር ነው። ለሁለቱም ማሸጊያ ያስፈልጋል። በ1886 ዓ.ም የተመሠረተው የኢትዮጵያ ፖስታ አገልግሎት በ1901 ዓ.ም የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል የሆነ በመሆኑ ጥቅሉን በተቀባዩ ሀገር የሚያደርሰው የዚያው ሀገር ፖስታ ነው።

ብዙ ላኪዎችን የሚያስደነግጠው ነገር የክብደት አለካክ ነው። የፈጣን መልእክት ድርጅቶች ጥቅሉን በሚዛን ብቻ አይለኩትም፤ በአውሮፕላን ውስጥ የሚይዘውን ቦታም ያሰላሉ። የካርቶኑ ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲ ሜትር ተባዝቶ ብዙውን ጊዜ ለ5 ሺህ ይካፈላል። የሚገኘው ቁጥር እንደ ኪሎ ግራም ይቆጠራል። ከእውነተኛው ክብደት ከበለጠም ክፍያው የሚታሰበው በእርሱ ነው።

ስሌቱ በምሳሌ ሲታይ እንዲህ ነው። አንድ መሶብ በየጎኑ 50 ሴንቲ ሜትር በሆነ ካርቶን ቢታሸግ 50 በ50 በ50 ሲባዛ 125 ሺህ ይሆናል። ለ5 ሺህ ሲካፈል 25 ይመጣል። መሶቡ በሚዛን ላይ 3 ኪሎ ግራም ቢሆንም ላኪው የሚከፍለው ለ25 ኪሎ ግራም ነው። በአንጻሩ 10 በ10 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ የሸክላ ምስል በየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር መከላከያ ሲደረግለት ካርቶኑ 20 በ20 በ30 ይሆናል፤ ሲባዛ 12 ሺህ፣ ሲካፈል 2.4 ኪሎ ግራም ይወጣዋል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ቀላል ግን ሰፊ የሆነ ዕቃ፣ እንደ መሶብና እንደ ደንገል ታንኳ ያለው፣ ለሩቅ ገዢ ሲላክ የመንገዱ ወጪ ከዕቃው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። እንዲህ ያለውን ባሕር ዳር ላሉ ምግብ ቤቶችና ሆቴሎች መሸጥ፣ ወይም ለሀገር ጉብኝት መጥቶ ለሚመለስ ሰው ማስያዝ ይሻላል። የግድ መላክ ካለበት በመሶቡ ሆድ ውስጥ ሙዳይና ሌሎች ትንንሽ ስፌቶችን መክተት ለባዶ ቦታ ከመክፈል ያድናል። ተራ ፖስታና ፈጣን መልእክት የተለያየ አለካክ ሊኖራቸው ስለሚችል፣ ካርቶኑ ሳይታሸግ መጠኑን ይዞ ሁለቱንም መጠየቅ ይገባል።

«እስከ በር» የሚለው ቃል የሚያስከትለው ኪሳራ

አሁን ሁለቱን ስሌቶች አንድ ላይ ማየት ይቻላል። ቁጥሮቹ ለስሌት ማሳያ የቀረቡ ናቸው። አንዲት ሻጭ ለሸክላ ምስሏ 3 ሺህ ብር ይገባኛል ብላለች እንበል። ማሸጊያው 250 ብር፣ ከቁንዝላ ባሕር ዳር ማድረሻው 200 ብር፣ ከባሕር ዳር ወደ ውጭ መላኪያው 2 ሺህ 400 ብር ቢሆን የመንገዱ ወጪ በድምሩ 2 ሺህ 850 ብር ነው። ገዢው ሊከፍል የሚገባው 5 ሺህ 850 ብር ይሆናል። ሻጯ ይህን ሳታሰላ «እስከ በርህ 5 ሺህ ብር» ብላ ብትዋዋል በእጇ የሚቀረው 2 ሺህ 150 ብር ብቻ ነው። ትልቅ ዋጋ የተቀበለች መስሏት ከፈለገችው 850 ብር አጥታለች።

የደላላ ክፍያም በዚሁ መልክ ይታያል። ከመቶ 10 እንዲከፈለው የተስማማ ደላላ ድርሻው ከዕቃው ዋጋ ላይ ከታሰበ 300 ብር ነው፤ ከጠቅላላው ክፍያ ላይ ከታሰበ ግን 585 ብር ይሆናል። ለፖስታ በሚከፈለው ገንዘብ ላይ ደላላ የሚያገኝበት ምክንያት ስለሌለ፣ ድርሻው የሚቆረጠው ከየትኛው እንደሆነ አስቀድሞ መነገር አለበት።

ፍትሐዊነት ግን ለሻጭ ብቻ አይደለም። የዕቃውን ዋጋ ዝቅ አድርጎ የመላኪያውን ወጪ በማናር ትርፍ የሚፈልግ ሻጭ፣ የፖስታው ደረሰኝ ሲታይ እምነት ያጣል። የመላኪያው ክፍያ በደረሰኙ ልክ ይሁን፤ ማሸጊያውም በወጣበት ዋጋ ይታሰብ። ገዢውም ደረሰኙን በፎቶግራፍ አይቶ እንዲከፍል ማድረግ ጭቅጭቅን ያስቀራል።

ውሉ የተደረገበትና ዕቃው የሚላክበት ጊዜ ከተራራቀም የምንዛሬው ጉዳይ ይነሳል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ጀምሮ የውጭ ምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ፣ በዶላር የተባለው ዋጋ በብር ሲመነዘር ከቀን ወደ ቀን ይለያያል። ስለዚህ ክፍያው በየትኛው ገንዘብና በየትኛው ቀን ምንዛሬ እንደሚሆን አብሮ መወሰን አለበት።

ስብራት፣ ቀረጥና ፍተሻ

ሸክላ ተሰባሪ ነው። ዕቃው መንገድ ላይ ቢሰበር ጉዳቱ የማን እንደሚሆን ሳይነጋገሩ መላክ አለመግባባትን ያስከትላል። ከመታሸጉ በፊት በሁሉም ጎኑ ፎቶግራፍ ማንሳት፣ ሲታሸግም እንዲሁ ማድረግ፣ መድን የሚገኝ ከሆነ ዋጋውንና ከፋዩን መስማማት ይገባል። የምስሉ እጅ ወይም ጅራት ለብቻው በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ዙሪያው በተጨማደደ ወረቀት ተሞልቶ፣ ካርቶኑ ሲወዘወዝ የማይንቀሳቀስ መሆን አለበት። ለመከላከያ ብሎ ጭድ መጠቀም ግን አይመከርም፤ ነፍሳትና የአረም ዘር ሊይዝ ስለሚችል በተቀባዩ ሀገር የኳራንቲን ፍተሻ ሊያስይዝ ይችላል። መሶብና የደንገል ታንኳም ከዕፅዋት የተሠሩ በመሆናቸው ደረቅ፣ ንጹሕና ከነቀዝ የጸዱ መሆን አለባቸው። በተለይ እንደ አውስትራሊያ ያሉ ሀገራት በዚህ ረገድ ጥብቅ ናቸው።

ቀረጥም አለ። አሜሪካ እስከ 800 ዶላር ዋጋ ላላቸው ጥቅሎች ትሰጠው የነበረውን ከቀረጥ ነፃ የመግባት መብት ከነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም ጀምሮ አቁማለች። ቀደም ሲል ያለ ቀረጥ ይደርስ የነበረ ስጦታ መሰል ዕቃ ሲሸጥ አሁን ክፍያ ሊጠየቅበት ይችላል። በተቀባዩ ሀገር የሚጠየቀውን ቀረጥ ገዢው እንደሚከፍል በውሉ ላይ ማስፈር የሻጩን ዋጋ ይጠብቃል። የዕቃውን ዋጋ አሳንሶ መጻፍ ግን ሕገ ወጥ ከመሆኑም በላይ፣ ዕቃው ቢጠፋ ካሳው በተጻፈው ዋጋ ልክ እንዲሆን ያደርጋል።

በምንም ዋጋ የማይላክ

ይህ ሁሉ ስሌት የማይሠራበት ዕቃ አለ። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ የሆነ ዕቃ ያለ ፈቃድ ከሀገር አይወጣም። የብራና መጻሕፍት፣ ጥንታዊ መስቀሎችና ሥዕላት፣ በቁፋሮ ወይም በእርሻ ላይ የተገኙ ጥንታዊ ዕቃዎች ለገበያ የሚቀርቡ አይደሉም። አርሶ አደር ሲያርስ እንዲህ ያለ ነገር ቢያገኝ ለወረዳው ባሕልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይኖርበታል። የጣና ገዳማትና አድባራት የዘመናት ሀብት በተከማቸበት አካባቢ፣ ምንጩ ያልታወቀ ዕቃ መግዛትም ሆነ ማሻሻጥ ከዘረፋ ጋር ሊያገናኝ ይችላል። አዲስ የተሠራ የእጅ ሥራ እንኳ አሮጌ መልክ ካለው በአውሮፕላን ማረፊያ ሊያዝ ይችላልና፣ ከመላኩ በፊት ከሚመለከተው የቅርስ ተቋም ማረጋገጫ መጠየቅ ይበጃል።

የአንድ ዕቃ ታሪክ ዋጋውን ከገበያ በላይ እንደሚያደርገው የታየው በ2013 ዓ.ም ነው። በ1860 ዓ.ም በመቅደላ ከተወሰዱት ዕቃዎች መካከል የቀንድ ዋንጫዎችና የብራና መጽሐፍ በእንግሊዝ ሀገር ለጨረታ ሊቀርቡ ሲሉ በኢትዮጵያ መንግሥት ጥያቄ ከጨረታው እንዲወጡ ተደርጓል፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ለንደን በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ በኩል ተመልሰዋል። ለጨረታ ቤቱ አሮጌ የቀንድ ዋንጫ የነበረው ለሀገር ቅርስ ነው።

በአጠቃላይ አሮጌ ዕቃ ለመሸጥ ያሰበ ሰው ከመዋዋሉ በፊት አምስት ነገሮችን በጽሑፍ ቢያሰፍር ይጠቀማል። እነርሱም የዕቃው ዋጋ ብቻውን ስንት እንደሆነ፣ የማሸጊያና የመላኪያ ወጪው ስንት እንደሆነና ማን እንደሚከፍለው፣ ክፍያው በየትኛው ገንዘብና መቼ እንደሚፈጸም፣ ስብራትና ቀረጥ የማን ኃላፊነት እንደሆነ፣ ዕቃው ከማን እንደተገኘና ቅርስ አለመሆኑ ናቸው። አንድ ቅጠል ወረቀት ይበቃል። እህል ሲሸጥ «ጭነቱስ በማን ነው?» የሚል ሰው፣ የእናቱን መሶብ ሲሸጥም ይህንኑ ቢጠይቅ ያተርፋል።